ጀልባዋ የምትጠጣው ውሃ

እኔ በምኖርበት ግቢ ውስጥ አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ አለች። ግቢው ያለው ፒያሳ ነው። «ይኼ ልጅ ምን ነካው? አራዳ ላይ ምን ባሕር አለና ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም መጀመሪያ ያየኋት ዕለት ስቄአለሁ። ነገር ግን ባለፈው ጥቅምት በዚህችው ጀልባ ምክንያት በግቢያችን የተነሣው ጭቅጭቅ ከሳቅ ያለፈ ጥያቄ ጥሎብኝ ስለ ሄደ፣ ብቻዬን ከማብሰለስለው ለእናንተም ላካፍላችሁ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ጥያቄው ይህ ነው። ሰው ለነገ ኑሮው ሲል የዛሬን ውሃ ማፍሰስ ይገባዋል ወይ? የሚያፈሰውስ ውሃ የማን ነው?

የጀልባዋ ባለቤት ጎረቤታችን ናቸው፤ የግቢው ልጆች ሁሉ ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። በ1981 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ባሕር ኃይል ገቡ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ እሳቸው አሰብ ነበሩ፤ በግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሸሹ አብረው ሸሹ። የእነዚያ መርከቦች መጨረሻ አላማረም። ከሁሉ ትልቋ፣ «ኢትዮጵያ» የምትባለው፣ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካን የመጣችው መርከብ፣ እዚያው የመን ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሌሎቹም ጅቡቲ ቆመው ሳለ የወደብ ዕዳ በዛባቸውና እ.ኤ.አ. በ1996 በሐራጅ ወጡ። አገሪቱ ባሕር አጣች፤ ጋሼም ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ መካኒክ ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና ይቋቋም ሲባል ግቢው በሙሉ «እንኳን ደስ አለዎት» አላቸው። እሳቸው «እሺ» ብለው ብርጭቆ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ጀልባቸው ሄዱ። ስልሳ ሊሞላቸው፣ ጡረታም ሊወጡ፣ አምስት ዓመት ያህል ይቀራቸዋል። በጡረታቸው ደመወዝ ጣና ላይ፣ ከዚህችው ጀልባ ሳይወርዱ ሊኖሩ ነው የሚያስቡት። መንገዱ ሰላም ይሁን እንጂ፣ ይላሉ።

ጀልባዋ አራት ሜትር ከምናምን ናት። ቢሾፍቱ አንዱ ሐይቅ ዳር ተገልብጣ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች ናት። ጋሼ በማገዶ ዋጋ ገዝተው በአይሱዙ አስጫኗት፤ የግቢው በር አላሳልፍ ቢላት አንዱ መዝጊያ ተነቅሎ ነው የገባችው። ያ መዝጊያ እስከ ዛሬ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በመጣ ቁጥር ጋሼ ቱታቸውን ለብሰው ሥሯ ይገባሉ። መጀመሪያ ቀለሟን ፍቀው ጣሉ። ቀጥሎ በምስማር ጫፍ እየወጉ የበሰበሰውን ጣውላ ከጤነኛው ለዩ፤ ምስማሩ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ አልቆለታል ማለት ነው። ከውስጥ እንደ ጎድን አጥንት ከተደረደሩት ቆልማማ እንጨቶች አራቱ ተሰንጥቀው ነበር። ጋሼ ከአንድ በርሜልና ከአንድ የቆርቆሮ ቱቦ የእንፋሎት ምድጃ ሠርተው፣ አዲስ እንጨት ቀቅለው፣ ትኩሱን አጉብጠው ተኩላቸው። በዚያን ዕለት እኔ ጓንት አድርጌ አንዱን ጫፍ ይዤ ነበር። እንጨት እንደ ቆዳ ሲታጠፍ በእጄ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢነግሩኝ አላምንም።

ለጎኗ የሚሆነው ጣውላ የተገኘው ከሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር ሲፈርሱ የድሮ ቤቶች የወለልና የበረንዳ እንጨት ይሸጥ ነበር። ጋሼ የደረቀ ጽድ መርጠው ገዙ። የኛ ግቢ እስካሁን አልፈረሰም፤ ጀልባዋ ግን ግማሽ ጎኗ የፈረሰው አራዳ ነው።

እዚህ ላይ የፍልስፍና ተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። የቴሴዎስን መርከብ ነገር ሁላችንም ክፍል ውስጥ ሰምተናል። ፕሉታርክ እንደሚተርከው የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን መርከብ የበሰበሰ ጣውላዋን በአዲስ እየተኩ ለብዙ ዘመን ስላቆዩዋት፣ ፈላስፎች «ያቺው ናት» «ያቺው አይደለችም» እያሉ ይከራከሩባት ነበር። ጥያቄውን ለጋሼ አቀረብኩላቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ውሃ ካላስገባች ያቺው ናት። ካስገባች ያቺው አይደለችም» አሉኝ። አስተማሪያችን ይህን ቢሰሙ ምን ማርክ ይሰጡ እንደ ነበር አላውቅም።

ጭቅጭቁ የመጣው ታዲያ ከዚሁ ከውሃው ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። እንዲህ ያለችው የእንጨት ጀልባ ጣውላዎቿ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በጥጥ ይወተፋል፣ በላዩም ስቱኮ ይለቀለቃል። ውሃ ላይ ስትወርድ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጣውላና ጣውላ ይገፋፋል፤ ክፍተቱም ይዘጋል። የብስ ላይ ስትቆም ግን ተቃራኒው ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብለን የምንኖር እኛ፣ የበጋው ፀሐይና ደረቅ ነፋስ እንጨትን ምን እንደሚያደርገው ከየበራችን እናውቃለን። ጣውላው ይኮማተራል፣ ስቱኮው ይፈረፈራል፣ ክፍተቱ አፉን ይከፍታል። ጀልባን የሚያበላሽ ውሃ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ውሃ ማጣትም ያበላሻታል። ስለዚህ ጋሼ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በሆዷ ውስጥ ጆንያ አንጥፈው ያረጥቡላታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ አንድ ጀሪካን፤ ሃያ ሃያ ሊትር መሆኑ ነው።

በግቢያችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እሱም ሌሊት። ቆጣሪው አንድ ነው፣ ሒሳቡም ለአምስት ቤት እኩል ይካፈላል። ከአምስቱ ቤቶች በአንዱ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ እትዬ አሉ። ባለፈው ጥቅምት ሁለት ፈረቃ ሳይመጣ ቀረና በርሜሎቻችን ተሟጠጡ። በሦስተኛው ሌሊት ቧንቧው ሲንፎለፎል ወረፋ ተያዘ፤ የጋሼም ጀሪካን እንደ ልማዷ ተሰልፋ ነበር። እትዬ አዩዋት። ወዲያው ምንም አላሉም። በማግሥቱ ቡና ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እኔ ሊጥ የማቦካበት አጥቼ እንጨት ውሃ ይጠጣል?» አሉ።

እኔ ደግሞ መች አርፌ! ለጋሼ ጥብቅና ቆምኩ። ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም አልኩ። እኚህ ሰው ገንዘባቸውን ለመጠጥ አላዋሉ፣ ለቁማር አላዋሉ፤ ተስፋም እንደ ውሃ የኑሮ አስፈላጊ ነገር ነው፣ ምናምን አልኩ። ደህና የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እትዬ ሲኒ እያቀረቡ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ «ልጄ፣ እሳቸው ስልሳ ሲሞላቸው ጡረታ አላቸው። እኔ ስልሳ ሲሞላኝ ምን አለኝ? ምጣድ» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም ያሰብኩት ስለ እሷ ዓረፍተ ነገር ነው።

መጀመሪያ የሮማዊው ሴኔካ ነገር መጣብኝ። ስለ ዕድሜ ማጠር በጻፈው ድርሰቱ «በሃምሳ ዓመቴ ዐርፋለሁ፣ በስልሳ ከሥራ እገላገላለሁ» የሚሉትን ሰዎች አጥብቆ ይነቅፋል። ማን ዋስ ሆኖላችሁ ነው የሕይወታችሁን ትራፊ ለራሳችሁ የምታስቀምጡት ነው ነገሩ። የኛም አገር የጡረታ ዕድሜ ያው ስልሳ መሆኑ ያስገርማል። ነቀፋው ለጋሼ የተጻፈ ይመስላል። ነገር ግን ሴኔካ በጣም ባለጸጋ ነበር፤ ውሃ የሚቀዱለት ባሮች ነበሩት። ራሱም ቢሆን ከኔሮ ቤተ መንግሥት ገለል ያለው ስልሳን ካለፈ በኋላ ነው። «ዛሬን ኑር» ማለት ዛሬው ለተመቸው ሰው ቀላል ምክር ነው። ለእትዬ «ነገን አታስቢ» ብላት ምጣዱን አንሥታ ብትወረውርብኝ አልፈርድባትም።

ከሴኔካ ይልቅ ለጋሼ የሚቀርበው ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን በሸራ መርከብ ላይ የጨረሰ ነበር፤ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ሲበዙ የእሱ ዓይነቱ ካፒቴን ሥራ አጣ። አንድ ወዳጁ ሜዳ ላይ ተጥላ የነበረች አሮጌ ጀልባ ሰጠው። እሱም 13 ወር ሙሉ ከቀበሌዋ ጀምሮ እንደ አዲስ ሠራት፤ ያወጣውም ወጪ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ከቦስተን ተነሥቶ፣ በ51 ዓመቱ፣ ብቻውን ዓለምን ዞረና በ1898 ተመለሰ። ከእሱ በፊት ብቻውን እንዲህ ያደረገ የለም። ስሎከም ግን ስልሳን አልጠበቀም። ጣውላው እንዳለቀ ጀልባውን ውሃ ላይ አወረዳት፤ ከዚያ በኋላ ያደረቃት ፀሐይ አልነበረም። ቆይቶም ከእሷው ጋር ባሕር ላይ እንደ ወጣ ቀረ። ጋሼ ይህን ታሪክ ሲሰሙ፣ «እሱ ባሕሩ በሩ ላይ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጊዜን አሳልፎ መስጠትና ጊዜን መነጠቅ አንድ አይደሉም። ጋሼ ባሕር ላይ ሊኖሩ ነበር፤ ባሕሩ ከሥራቸው ተነሣ። ስለዚህ «ሕይወቱን ለነገ ያስተላልፋል» ብሎ የሚወቅሳቸው ሰው ተሳስቷል እላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥሯ ተጋድመው ሲያፏጩ ያየ ሰው፣ የሚኖሩት ያን ጊዜ መሆኑን ያውቃል።

የእትዬ ጥያቄ ግን በዚህ አይመለስም፤ እሷ ያለችው «ለምን ትጠብቃለህ» አይደለምና። «የምትጠብቀው በማን ውሃ ነው» ነው ያለችው።

ጋሼ ሊሄዱበት የሚያስቡት ጣና ላይ ሌላ ዓይነት ጀልባ አለ። ታንኳን ማለቴ ነው። ታንኳ ከደንገል ትታሰራለች፤ በሠሪነቷም ወይጦዎች የታወቁ ናቸው። ከዘጌና ከደሴቶቹ ማገዶና እህል ጭና ባሕር ዳር ትገባለች። ታንኳ ውሃ ላይ በቆየች ቁጥር ውሃ ትጠጣለች፣ ትከብዳለች፤ ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ባለቤቷ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆማታል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜዋ በሳምንታትና በጥቂት ወራት የሚቆጠር ነው። ስትበሰብስ የሚጠግናት የለም፤ ሌላ ይታሰራል። የጋሼ ጀልባ መቀመጥ ይገድላታል፣ ታንኳን ደግሞ መሥራት። አንዷ ለነገ ትቀመጣለች፤ ሌላዋ ዛሬ የታሰረች፣ ዛሬ ተጭና የምትሻገር ናት። የእትዬ ኑሮ የታንኳ ነው። ሌሊት ታቦካለች፣ ጠዋት ትጋግራለች፣ ማታ የሸጠችበትን ጤፍ ትገዛበታለች፤ ነገም እንደገና ታስራለች። ጆንያ አንጥፎ የሚያረጥባት የለም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ፣ ሁለት ዓይነት ጀልባ ሲኖር ውሃው እንዴት ይካፈል?

ወገኖቼ፣ ይህን ስል ጋሼን ብቻ የማማ እንዳይመስላችሁ። እኛስ ምንድን ነን? የብስ ላይ የቆምን ጀልባዎች አይደለንም ወይ? አራት ዓመት ሙሉ እንዳንደርቅ በላያችን ውሃ ይፈስብናል፤ ውሃውን የሚያመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው ጠጥተው ያልረኩ ናቸው። እኔን ለምሳሌ በየወሩ ብር የምትልክልኝ እህቴ ቤይሩት የሰው ቤት ታጥባለች። ስመረቅ ምን እንደምሆን እኔም እሷም አናውቅም። «ትምህርት የነገ ተስፋ ነው» እያልኩ በእትዬ ፊት ስከራከር ኖሮ ያው የምከራከረው ለራሴ ጀሪካን ነበር። አንዳንዶቻችሁ «ትምህርት የሁሉ ነው፣ ጀልባ የአንድ ሰው ነው» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ተመርቀን ወጥተን ማንን እንደምናሳፍር ሳላይ ይህን መልስ ለመቀበል ይቸግረኛል።

የሆነ ሆኖ፣ በግቢው ያለው ጉዳይ በሽምግልና አለቀ። ጋሼ ከቧንቧው ለጀልባዋ ላይቀዱ፣ በምትኩ የየቤቱ የልብስ መለቅለቂያ ውሃ እንዲሰጣቸው ተስማማን። ሳሙና ያለበት ውሃ እንጨቱን ይጎዳ እንደሆን ጠይቄአቸው፣ «ከመድረቅ ይሻላል» ብለዋል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ባልዲ ይዘው ይመጡላቸዋል፤ ጀልባዋም ትንሽ ኦሞ ኦሞ ትሸታለች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እትዬ ራሳቸው ባልዲ ይዘው መጡ። ጆንያው ላይ አፈሰሱና፣ ባዶውን ባልዲ እንደ ያዙ ጀልባዋን ዙሪያዋን አዩዋት። ካመጧት ጀምሮ ቀርበው ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ ስንት ሰው ትይዛለች?» አሏቸው።

«ሦስት። ነፋስ ከሌለ አራት።»

እትዬ ምንም ሳይመልሱ ወደ ምጣዳቸው ሄዱ።