የሚያልፈውን ወፍ መቁጠር ምን ይጠቅማል?



በናይሮቢ ከተማ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ በስዋሂሊ ቋንቋ «በኮረብታው ላይ» ማለት ነው። ከአገራችን ወጥተን በዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደለንም። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ታላቁ ዝናም ሲጀምር፣ በደቡብ የከረሙ ንስሮችና ጭላቶች በኬንያ ሰማይ አልፈው ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። በጸደይ ወራት ወደሚፈለፈሉበት አገር፣ ወደ ሩስያና ወደ ካዛክስታን ሜዳዎች መመለሳቸው ነው። መንገዳቸው በኢትዮጵያም ላይ ያልፋልና፣ እኛ ዛሬ ቀና ብለን ያየነውን ንስር እናንተ ከጥቂት ቀን በኋላ ታዩት ይሆናል።

በዓለም ላይ እነዚህን አላፊዎች ያለ ደመወዝ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ቆመው የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ንስር ክንፉን እያራገበ ሩቅ መንገድ አይሄድም፤ ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ ወደ ላይ በሚወጣው አየር እየዞረ ከፍ ይላል፤ ከዚያም ክንፉን ዘርግቶ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሰፊ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኝ ባሕሩ በሚጠብበት ወይም በሚያልቅበት ስፍራ ያልፋል። ቆጣሪዎቹም በዚያ ይጠብቁታል። አንዱ በመነጽር ያያል፤ ሌላው ይጽፋል። ወፎቹ ተደባልቀው ሲዞሩ አይቆጥሩአቸውም፤ ተራ ይዘው ሲንሸራተቱ ይቆጥሩአቸዋል እንጂ።

በ1987 እ.ኤ.አ. በመከር ወራት ጄፍ ዌልችና ሂላሪ ዌልች ከባልደረቦቻቸው ጋር በጅቡቲ፣ በባብ ኤል መንደብ አጠገብ ቆመው ወደ አፍሪካ የሚገቡትን 246,478 አዳኝ አዕዋፍ ቆጠሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. ጸደይ ደግሞ በእስራኤል አገር በኤላት ወደ ሰሜን ሲመለሱ ከተቆጠሩት መካከል፣ የተርብ እጭ የሚበላው ጭላት ብቻ ከ850,000 በላይ ነበረ።

እንግዲህ አንድ ገበሬ ይህን ቢሰማ፣ «ጭልፊት ጫጩቴን ወሰደችብኝ፤ እነዚህ ደግሞ ይቆጥሩአታል?» ብሎ ቢስቅ አንፈርድበትም። የተቆጠረው ወፍ መቆጠሩን አያውቅም፤ የቆጠረውም ሰው ከወፉ አንዳች አያገኝም። ከዚህም የከበደ ጥያቄ አለ። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በቆጠረ ጊዜ ቁጥሩ ኃጢአት ሆኖበት የለምን?

ይሁን እንጂ መቁጠር ሁለት ዓይነት መሆኑን ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል። ዳዊት የቆጠረው «ይህን ያህል ኃይል አለኝ» ለማለት ነበር። ጌታችን በምሳሌው የነገረን እረኛ ግን የቆጠረው እንዳይጠፋበት ነው። መቶ መሆናቸውን ባያውቅ ኖሮ ዘጠና ዘጠኙን አይቶ ደስ ብሎት ይተኛ ነበር፤ አንዲቱም በበረሃ ትቀር ነበር። የመጀመሪያው ቆጠራ ያለውን ያያል፤ ሁለተኛው የጎደለውን ይፈልጋል።

የዚህ ምሳሌ በምንኖርባት በኬንያ ተፈጽሞ አይተናል። ከ1970 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ሰዎች በኬንያ መንገዶች ሲጓዙ ያዩአቸውን አዳኝ አዕዋፍ እየቆጠሩ ጽፈው ነበር። ከ2003 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ሌሎች ደግመው ቆጠሩ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ሲነጻጸሩ ከ22 ዓይነት አዕዋፍ የ19ኙ ቁጥር ቀንሶ ተገኘ። በእኛም ደጋ የምናውቀው፣ ጅራቱ ቀላ ያለው ጭላት ከመቶ 91 እጅ ጎደለ። እርሻና ከተማ ማደሪያቸውን ወስዶባቸዋል፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይገድላቸዋል፤ ለአንበሳና ለጅብ ተብሎ በጥንብ ላይ የሚደረገው መርዝ ጥንብ አንሣዎችን በአንድ ቀን ይፈጃል። የቀድሞዎቹ ቆጣሪዎች በታማኝነት ባይጽፉ ኖሮ እንደ ጎደለ የሚያውቅ ማን ነበር? ልጆቻችን ባዶውን ሰማይ አይተው፣ «ድሮም እንዲህ ነበረ» ይሉ ነበር።

በዚህ ሥራ እጅግ የሚከብደው ብዙ መቁጠር አይደለም። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ቆሞ አንድም ሳያዩ ሲመሽ «ምንም አላየሁም» ብሎ መጻፍ ነው። ድካሜ በከንቱ እንዳይቀር ብሎ ያላየውን አምስት ንስር የጨመረ ሰው፣ ወፎቹ ሲያልቁ ያልቃሉ ብሎ የሚናገረውን ምስክር አጠፋው። ያ ባዶ መስመር እውነተኛ ምስክርነት ነው፤ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ስምንተኛው ትእዛዝ በሜዳ ላይ ሲጠበቅ እንዲህ ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፤ እኛስ በጉባኤያችን እንዴት እንቆጥራለን? ሠላሳ ሰዎች በነበሩበት ቀን «አርባ ያህል» ብለን የጻፍንበት ጊዜ እንዳለ በፊታችሁ እንናዘዛለን። በኪሊማኒ ያለነው ሕዝብ እንደ ወፎቹ አላፊ ነው፤ አንዱ ይመጣል፤ ሌላው ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ከእነርሱ ጋር ግን ታሞ በቤቱ የቀረ፣ አዝኖ የራቀም አለ። ቁጥሩን በጨመርንበት በዚያ ቀን ይህን ሰው ደግመን አጠፋነው፤ የእርሱን ባዶ ስፍራ በሐሰት ሞልተነዋልና። ጎደለ ያልተባለውን ማን ይፈልገዋል?

ደግሞም ቆጥሮ መቀመጥ አይበቃም። ጎደለች ብሎ ከቤቱ ያልወጣ እረኛ አይደለም፤ ጸሐፊ ነው። መርዙን ማስቀረት፣ የቀረውን ደጅ ማንኳኳት ከመዝገቡ በኋላ የሚመጣ ግዴታችን ነው።

ነቢዩ ኤርምያስ የሰማይ ወፎች የመመለሻ ጊዜያቸውን ሲያውቁ ሕዝቡ ግን የአምላኩን ፍርድ እንዳላወቀ በኀዘን ተናግሮ ነበር። በዚህ ጸደይ ንስሮች በላያችሁ ሲያልፉ ይህን አስቡ። የእኛ ቆጠራ ይሳሳታል፤ ዓይናችን ይደክማል፤ ደመናም ይጋርደናል። የራሳችንን ጠጉር እንኳ የቈጠረው አባት ግን አንዱን አይስትም። የምንድነው እርሱ ስለ ቈጠረን እንጂ እኛ ቁጥራችንን ስላበዛን አይደለም። ስለዚህ ጥቂት ብንሆን «ጥቂት ነን» ብለን በእውነት ለመጻፍ አንፍራ፤ የጎደለውንም ፈልገን ለማግኘት ጌታ ይርዳን። አሜን።