አምስተኛው ሰዓት

አንድን ዕቃ የምንወደው ጥሩ ስለሆነ ነው ወይስ ሌላው ሰው ስለሌለው? ሁለቱ ፍቅሮች በአንድ ልብ ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚኖሩ መለየቱ ይቸግራል። እስቲ በአንድ የኪስ ሰዓት እንፈትናቸው።

የስዊዘርላንዱ ሰዓት ሠሪ ድርጅት ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተበትን 150ኛ ዓመት ሲያከብር «ካሊበር 89» የተባለ ሰዓት አወጣ። ሥራው ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል። ባትሪ የለውም፤ የሚንቀሳቀሰው በሞላ ነው። በውስጡ 1,728 ክፍሎች ተገጣጥመዋል። ሰዓት ሠሪዎች ሰዓትና ደቂቃን ከማሳየት ያለፈውን ተግባር ሁሉ «ኮምፕሊኬሽን» ይሉታል፤ ይህ ሰዓት 33 አለው። ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ጊዜ፣ የጨረቃን መሙላትና መጉደል፣ የከዋክብትን ካርታ ያሳያል። በምዕራባውያን አቆጣጠር ትንሣኤ የሚውልበትን ቀን እንኳ እንዲናገር ተደርጎ ተሠርቷል።

ይህን ሁሉ «ከንቱ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የትንሣኤ ቀን በየዓመቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በአንዲት ትንሽ መዘውር ጠርዝ ላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ጥልቀቱ የተለያየ ቁርጥ አበጁ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ክብር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሰዓቱ የተሠራው በአራት ቁጥር ብቻ ነው፤ በቢጫ ወርቅ፣ በነጭ ወርቅ፣ በሮዝ ወርቅና በፕላቲነም። አሁን አምስተኛው ተሠራ ብላችሁ አስቡ። የአራቱ ሥራ ጥራት ይቀንሳል? አይቀንስም። ጨረቃቸው ትዛባለች? አትዛባም። የሚጎዳው ብርቅነታቸው ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያ ሰዓት ውስጥ ሁለት ዋጋ አለ ማለት ነው፤ አንዱ ከባለሙያው እጅ የመጣ፣ ሌላው ከሰዎች ማጣት የመጣ።

«ዘጠኝ ዓመት የሚፈጅ ሥራ በሺህ ሊመረት አይችልም፤ ብርቅ መሆኑ ምን ያስወቅሰዋል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሥራው ራሱ ያመጣው ብርቅነት ነውር የለውም። ነውሩ የሚጀምረው የሌላው ባዶ እጅ ደስታችን ሲሆን ነው። አባቶቻችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ያሉት ስለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

እኛ በሚሊዮን ዶላር የሚሸጥ ሰዓት የለንም፤ ፈተናው ግን በእጃችን ነው። አዲሱ ስልክ፣ የፈተና ውጤት፣ በመዘምራን መካከል ለብቻ የተሰጠን መዝሙር ሁሉ ይፈትነናል። ጓደኛችን ያንኑ ሲያገኝ ደስታችን ከቀዘቀዘ፣ ስንወደው የነበረው ስጦታውን ሳይሆን የጓደኛችንን ማጣት ነበር። ደስታችን ከበረታ ግን በእርግጥ ስጦታውን ወደነዋል። ስለዚህ ያላችሁን ነገር ስትመዝኑ አምስተኛውን ሰዓት አስታውሱ፤ «ይህ ነገር ነገ ለሁሉም ቢዳረስ እወደዋለሁን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

የዚያች መዘውር ቁርጦች የተበጁት እስከ 2017 ድረስ ላሉት ዓመታት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ የትንሣኤን ቀን በትክክል ለመናገር ሌላ መዘውር ያሻዋል። ትንሣኤ ራሱ ግን የሰዓቱ ባለቤት ደጅም፣ ሰዓት የሌለው ሰው ደጅም እኩል ይደርሳል፤ ለአንዱ በመድረሱም ከሌላው የሚጎድል ነገር የለም።