ባዕድ የተባለ ጠላትና የጦር መሣሪያ ልክ

በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡሮች ቢወጉን፣ ባገኘነው መሣሪያ ሁሉ ብንፈጃቸው ነውር ይሆናልን?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ጥያቄው የሚያስቅ አለመሆኑን የተረዳሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ኤች ጂ ዌልስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የዓለማት ጦርነት» በተባለው መጽሐፍ፣ ከማርስ የመጡ ፍጡሮች እንግሊዞችን በሚያቃጥል ጨረርና በጥቁር የመርዝ ጢስ ይፈጃሉ። ደራሲው በዚያው መጽሐፍ የታዝማንያ ሕዝብ በአውሮፓውያን እጅ መጥፋቱን ያነሣል። ይኸውም ለደካማው ሕዝብ ማርስ ሆኖ የመጣበት ሰው ራሱ እንደ ነበረ ለማሳሰብ ነው።

በሚከተለው ዓመት መንግሥታት በሆላንድ አገር በሄግ ከተማ ተሰብስበው ስለ ጦር መሣሪያ መከሩ። ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ዱምዱም የሚባለው ጥይት ነበር። ይህ ጥይት ስሙን ያገኘው በህንድ አገር በካልካታ አጠገብ ካለው የጥይት ፋብሪካ ሲሆን፣ ጫፉ ያልተሸፈነ እርሳስ ስለ ሆነ በሥጋ ውስጥ ተጨፍልቆ ይሰፋል፤ ቁስሉም እጅግ ይከፋል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ጄኔራል ጆን አርዳ፣ የሠለጠነ ወታደር ሲቆስል ይመለሳል፣ አረመኔ ግን ቆስሎም ይመጣል፣ ስለዚህ ይህ ጥይት ያስፈልጋል ብሎ ተከራከረ። ጥይቱ ተከለከለ፤ ነገር ግን ክልከላው የሚጸናው ውሉን በተቀበሉት መንግሥታት መካከል ብቻ ሆነ። ከውሉ ውጭ ላለው ሕዝብ በሩ አልተዘጋም።

ንቀት ግን አንድ ጊዜ በር ካገኘ በኋላ በውልም አይገታም። በ1925 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የመርዝ ጋዝን የከለከለውን ውል ኢጣልያም ኢትዮጵያም ተቀብለው ነበር። ሆኖም ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሠራዊታችን፣ በመንደሩ፣ በከብቱና በውኃው ላይ መርዝ አዘነቡ። ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ተኩሰዋል፣ የተማረከ አውሮፕላን ነጂ ገድለዋል የሚል ምክንያትም ሰጡ። ይህ እውነት ነው ብንል እንኳ፣ ውኃ ልትቀዳ ወደ ወንዝ የወረደችው ልጃገረድ ምን አጠፋች?

ዳሩ ግን ጣታችንን ወደ ሌላው ብቻ አንቀስር። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ ከኢጣልያኖቹ ምርኮኞች ብዙዎቹ በርኅራኄ ሲያዙ፣ ከእነርሱ ጋር የተሰለፉት የኤርትራ ተወላጆች ግን «ከሐዲዎች ናቸው እንጂ ምርኮኞች አይደሉም» ተብለው፣ የብዙዎቹ ቀኝ እጅና ግራ እግር ተቆረጠ። እኛም ከሕግ ውጭ ነው ያልነው ሰው ነበረን።

እንግዲህ ለተማሪዬ ያን ጊዜ ያልሰጠሁትን መልስ አሁን ልስጥ። ቤቱንና አገሩን ሊያጠፋ የመጣበትን ጠላት፣ ከማርስም ይምጣ ከጎረቤት፣ ሰው ሊመክት ይገባዋል። ሊመክት የሚያስፈልገው ኃይል ብርቱ ቢሆንም አልፈርድበትም። ነገር ግን ጠላትን ማቆም ሌላ፣ ማሠቃየት ሌላ ነው። የሁለቱን ድንበር ለማወቅ አባቶቻችን የተዉልን መለኪያ «ነግ በኔ» ነው። በእኔ ላይ ቢተኮስ ግፍ ነው ብዬ የምጮኽበትን መሣሪያ፣ ባዕድ ስለ ሆነ ብቻ በእርሱ ላይ ልተኩሰው አይገባኝም።

ወጣቶች ሆይ፣ «እነዚህ እንደ እኛ አይደሉም» ሲባል በሰማችሁ ጊዜ፣ ተናጋሪው ከዚህ ቃል ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠይቁ።