ፊት አይቶ ስለ መፍረድ

ሰው ለወንዙ ልጅ ቢያደላ ኃጢአት ይሆንበታልን? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ዛሬ ግን በቴሌቪዥን በኩል ወደ እያንዳንዱ ምእመን ቤት ገብቷል። እንደ ባላገሩ አይዶልና እንደ ፋና ላምሮት ያሉት የድምፅ ውድድሮች ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍል ወጣቶችን ወደ መድረክ ያቀርባሉ፤ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፤ ተመልካቹም በእጅ ስልኩ የሚፈርድበት ጊዜ አለ። ስለ ዘፈን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የታወቀ ስለ ሆነ በዚህ አንዘገይም። የምንመረምረው ፍርዱን ነው፤ በውድድር የሰው ዘሩ ሊታሰብ ይገባልን ወይስ አይገባም?

ዘር የሚባል ነገር ከቶ አይነሣ የሚሉ አሉ። አሳባቸው ከመልካም ልብ የወጣ ነው፤ ሆኖም ሙሉ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ ከሚናገሩት ወገን የሆኑ መበለቶች በዕለቱ ምግብ እደላ ተዘነጉ። ሐዋርያት አቤቱታውን እንደ መከፋፈል ቈጥረው ዝም አላሰኙም፤ ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ነው። መመዘኛው ግን መንፈስ ቅዱስና ጥበብ እንጂ ትውልድ አልነበረም። እነሆ፣ በሩ ለተዘነጋው ወገን ተከፈተ፤ ሚዛኑ ግን አልተለወጠም።

ይህን ልዩነት ያላስተዋሉ ተሳስተዋል። (የውጭውን ዓመት በጎርጎርዮስ አቈጣጠር እንጽፋለን።) በአሜሪካ «ሰርቫይቨር» የተባለው ውድድር በ2006 ተወዳዳሪዎቹን በዘራቸው በአራት ቡድን ከፈለ፤ ብዙ ሰውም ተቃወመው። በሩ ሰፍቶ ነበር፤ ሰው ግን የዘሩ ምልክት ብቻ ሆኖ ታየ። በ2007 በእንግሊዝ አገር «ቢግ ብራዘር» ውስጥ ሕንዳዊቱ ተዋናይት ሺልፓ ሼቲ በትውልዷ ስለ ተዘለፈች ከ40 ሺህ በላይ አቤቱታ ቀረበ፤ በመጨረሻም እርሷ አሸነፈች።

ወደ እኛ ይበልጥ የሚቀርበው የእስራኤሉ ነገር ነው። ከጎንደር ደጋ ተነሥተው ወደዚያ የሄዱት ቤተ እስራኤል ብዙ ንቀት አግኝቷቸዋል፤ የለገሱት ደም በስውር ይጣል እንደ ነበረ በ1996 ተገልጧል። በ2011 ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደችው ሐጊት ያሶ በአገሪቱ የድምፅ ውድድር አሸነፈች፤ በ2013 ደግሞ በኢትዮጵያ የተወለደችው ታሁንያ ሩቤል በእስራኤሉ «ቢግ ብራዘር» አሸነፈች። የወገኖቻቸው ደስታ ተገቢ ነበረ፤ የተዘጋ በር ተከፍቷልና። ነገር ግን በ2015 ፖሊስ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሲደበድብ በመታየቱ እነዚያው ወገኖች በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ። ለአንዲት የተሰጠ ዘውድ ለብዙዎች የሚገባውን ፍትሕ አይተካም።

ሚዛኑስ እንዴት ይጠበቃል? በደብረ ታቦር ለተክሌ አቋቋም፣ በቤተልሔም ለድጓ፣ በዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት የሚሰበሰበው ተማሪ ከብዙ አገር የመጣ ነው። መምህሩ አገሩን ቢጠይቀው ሊያውቀው ነው፤ ለማስመስከር በቀረበ ጊዜ ግን የሚሰማው ዜማውን ነው። ምልክቱን የሳተ ተማሪ የመምህሩ የወንዝ ልጅ ቢሆንም ይታረማል። ለዘመዱ ሲል ስሕተትን ያሳለፈ መምህር ዜማውን ያበላሻል፤ ዘመዱንም አልጠቀመውም።

በስልኩ ድምፅ የሚሰጥም ሰው በዚያች ሰዓት ዳኛ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ለባለጸጋ ብቻ ሳይሆን ለድሃም በፍርድ ማድላትን ይከለክላል፤ እንግዲህ ርኅራኄ ያልተፈቀደለትን ሚዛን ዝምድና እንዴት ያጋድለዋል? ደግሞም በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በወላይትኛ ያዜመውን ቋንቋውን ስለማናውቀው ብቻ ዝቅ ማድረግ ያው ማድላት ነው።

ነገሩ ጨዋታ ነው የሚል ቢኖር፣ በዘር ምክንያት ደም በፈሰሰባት በአገራችን ልብ የሚለምደውን ሁሉ ቀላል አድርገን ልናይ አይገባንም። በትንሹ ዳኝነት ማድላትን የለመደ በሸንጎና በሹመት አይተወውም። ስለዚህ፣ ምእመናን ሆይ፣ ልጆቻችን «ማን ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁን «የማን ወገን ነው?» ብለን አንመልስላቸው። በሩ ለሁሉ ይከፈት፤ ሚዛኑም ለሁሉ አንድ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።