ፊደሉን አታፍኚው

ልጄ፣ የኮንሰርት ፖስተር ስትሠሪ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት የሚያየውን ሰው አስቢ። ቆሞ አያነብልሽም። ማን እንደሚዘፍን፣ መቼና የት እንደሆነ ወዲያው ዓይኑ ውስጥ ካልገባ፣ የቀረው ጌጥ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

በላቲን ፊደል የሚሠሩት ትልቁንና ትንሹን ፊደል እያፈራረቁ ስምን ከዝርዝር ይለያሉ። የእኛ ፊደል ይህ የለውም፤ ስለዚህ የምታስቀድሚውን የምታሳውቂው በመጠን፣ በውፍረትና በባዶ ቦታ ነው። ሦስት መጠን ይበቃሻል፦ አንዱ ለድምፃዊው ስም፣ አንዱ ለቀኑና ለቦታው፣ አንዱ ለቀሪው። ሁሉንም ካጎላሽ ጎልቶ የሚታይ አይኖርም።

«ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ትንሿ ጭረት ከእግሩ ወገብ ወይም ከግርጌው መውጣቷ ብቻ ነው። የ«ቤ» ቀለበት በጥላና በወፍራም ጠርዝ ከተደፈነ ደግሞ «ቤዛ» «ቢዛ» ተብላ ትነበባለች። ስለዚህ ፊደልን አትጨፍልቂ፣ አትለጥጪ። ጠባብ ከፈለግሽ ሲሣል ጀምሮ ጠባብ የሆነ ፎንት ምረጪ፤ ካጣሽም በእጅሽ ጻፊው።

አሜሪካዊው የፖስተር ሠዓሊ ዌስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላለው ፊልሞር አዳራሽ በሠራቸው ፖስተሮች ፊደሉ እንደ ነበልባል ይንቀለቀላል፤ ለማንበብም ያስቸግራል። እሱን ልትከተዪ ካማረሽ፣ እያንዳንዱን ፊደል በእጁ እንደሣለና በፊደላቱ መካከል ያለውንም ክፍተት አብሮ እንደቀረጸ አትርሺ። ስዊዘርላንዳዊው ዲዛይነር ዮሴፍ ሙለር-ብሮክማን እ.ኤ.አ. በ1955 ዙሪክ ላለው የቶንሃሌ ሙዚቃ አዳራሽ የሠራው የቤትሆቨን ፖስተር ደግሞ ፎቶ የለውም፤ ወደ ውጭ እየወፈሩ የሚዞሩ ቅስቶችና ጥቂት ጽሑፍ ብቻ። ዜማው ግን ከቅስቶቹ ይሰማል። መንገዳቸው ቢራራቅም ሁለቱም ባዶ ቦታን እንደ ትርፍ አልቆጠሩትም።

አዘጋጁ «እዚህ ጋ ባዶ ነው፣ የስፖንሰር አርማ ጨምሪበት» ሲልሽ በትሕትና ተከራከሪ። አርማዎቹን ግርጌ ላይ በአንድ መስመር፣ በእኩል ቁመት አሰልፊያቸው። ሰዓቱንም «1:00» ብለሽ አትተዪው፤ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» በዪ። ፖስተሩ ለዋሽንግተን ወይም ለዱባይ ከሆነ የዚያን አገር አቆጣጠር ጻፊ፤ አለዚያ እንግዳሽ በስድስት ሰዓት ይሳሳታል።

ከማሳተምሽ በፊት በስልክ ስክሪን አሳንሰሽ ስለ ዝግጅቱ ለማያውቅ ሰው አሳዪው። ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ሳይደናቀፍ ከነገረሽ ወደ ማተሚያ ቤት ላኪው። ከተደናቀፈ ተመልሰሽ ቀንሺ እንጂ አትጨምሪ።