ቃል የሌለው ዜማ ምስጋና ይባላልን?

በአይርላንድ ደሴት ኢለን በሚባል ስም የሚታወቅ አንድ የዜማ መሣሪያ አለ፤ የስሙም ትርጓሜ በሀገሩ ቋንቋ የክርን ማለት ነው። ይህነን መሣሪያ የሚጫወተው ሰው ተቀምጦ ይጫወታል። በቀኝ ክንዱ ሥር የአንጥረኛ ወናፍ የመሰለ ትንሽ ወናፍ ይታጠቃል፤ በግራ ክንዱ ሥር ደግሞ ነፋስ የሚጠራቀምበትን አቍማዳ ያቅፋል፤ በክርኑም ወናፉን እየተጫነ ነፋሱን ወደ አቍማዳው፥ ከአቍማዳውም ወደ መቃዎቹ ይሰዳል። ጣቶቹ ከሚመላለሱበት ከዜማው መቃ በቀር፥ እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ብቻ ሳያቋርጡ የሚያሰሙ ሦስት መቃዎች በጭኑ ላይ ተጋድመው ይኖራሉ። የስኮትላንድ ሰዎች በሰልፍ የሚነፉት ሌላ ነው፤ እርሱ በአፍ ይነፋል፥ ድምፁም ለሜዳ የሚበቃ ነው። የአይርላንዱ ግን ለቤት የተስማማ ለስላሳ ነው፤ የተጫዋቹም አፍ ነጻ ነው። ይህ የአፉ ነጻነት ኋላ ይፈለጋልና አንባቢ በልቡ ይያዘው።

በልደት ሰሞን በዚህ መሣሪያ የልደትን መዝሙር ዜማ የሚጫወቱ አሉ። ጥያቄም ከዚህ ይነሣል። ዓመቱን ሙሉ በሠርግና በጭፈራ ሲዘፍንበት የከረመ መቃ፥ በዓሉ በደረሰ ጊዜ የጌታን ልደት ቢያሰማ ምስጋና ነውን? ወይስ ዘፈን ልብሱን ለውጦ መጣ? በኢትዮጵያ በገና ለጾምና ለጸሎት፥ መሰንቆ ለአዝማሪ ተለይተው የሚታወቁ ናቸውና ጥያቄው ለማንም እንግዳ አይደለም።

ስለ መሣሪያው የሚነሣው ክርክር ረዥም መልስ የሚሻ አይመስልም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1742 ዓ.ም. ሃንደል «መሢሕ» የተባለውን ድርሰቱን መጀመሪያ ያሰማው በዚያው ሀገር በደብሊን ከተማ ነው። የእረኞቹ ታሪክ ከመነገሩ አስቀድሞ ቃል የሌለበት አጭር ዜማ አግብቷል፤ በዚህም ቫዮሊኖቹ የኢጣልያ እረኞች በልደት ሰሞን ወደ ሮማ ይዘውት የሚመጡትን የአቍማዳ ዋሽንት ድምፅ ይመስላሉ። ከዚያ ቀን የተገኘው ገንዘብ ባለዕዳ እስረኞችን ለማስፈታትና ድኾች ሕሙማንን ለመርዳት ዋለ። እንግዲህ የከተማው መሣሪያ የእረኛውን ድምፅ ለመምሰል ደክሞ ከተመሰገነ፥ የእረኛው ዋሽንት ራሱ ቢሰማ የሚነቀፍበት ምክንያት ከወዴት ይመጣል? ደግሞም ጄምስ ጉድማን የተባለው ካህን (1828–1896) ይህን መሣሪያ ራሱ ይጫወት ነበር፤ በ1860ዎቹ ዓመታትም ከሕዝብ መካከል ተጫዋቾች የሰማውን ዜማ እየጻፈ አከማችቷል፤ መጽሐፎቹም በደብሊን ሥላሴ ኮሌጅ ተጠብቀዋል። ክህነቱ መቃውን አላፈረበትም።

ጭንቁ ያለው በዜማው ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1678 ዓ.ም. በእንግሊዝ በሐሰት በተነዛ የሴራ ወሬ ምክንያት የካቶሊክ ካህናት ከሀገር እንዲወጡ ታዘዘ። የፈርንስ ኤጲስ ቆጶስ ሉቃስ ዋዲንግ ካህናት በተሰደዱበት በዚያ የልደት ቀን ስላለው ኀዘን መዝሙር ደረሰ። መጽሐፉም በ1684 ዓ.ም. በጌንት ከተማ ታተመ። ታላቁ ነገር ግን ይህ ነው፤ ለመዝሙሩ አዲስ ዜማ አልደረሰለትም፤ ሕዝቡ አስቀድሞ በሚያውቀው በዓለማዊ ዘፈን ዜማ እንዲባል አዘዘ እንጂ። ቅዳሴ የተከለከለ ሕዝብ የሚያውቀውን ዜማ ይዞ አዲሱን ቃል በቀላሉ እንዲያጠና ብልሃት አደረገለት። ዜማው የዘፈን፥ ቃሉ የልደት ሆነ። ከእርሱ መዝሙሮችና ኋላ በ1728 ዓ.ም. አባ ዊልያም ዴቨሩ ካዘጋጁት የተረፉትን፥ በዌክስፎርድ አውራጃ በኪልሞር ቤተ ክርስቲያን ስድስት ወንዶች ሦስት በሦስት ተከፍለው፥ እንደ ግራና እንደ ቀኝ መዘምራን እየተቀባበሉ በልደት ሰሞን ይዘምሩታል። ምንም መሣሪያ አይጨመርበትም።

እንግዲያስ ዜማውን ለልደት የለየው ቃሉ ከሆነ፥ ቃሉን ትቶ ዜማውን ብቻ የሚያሰማው ባለመቃ ምን አሰማ? «የልደት ዋዜማ» የሚባል አንድ የጭፈራ ዜማ በዚያ ሀገር አለ፤ እጅግ ፈጣን ነው፥ እግርን ያነሣሣል። ስሙ የበዓል ነው፤ ነገር ግን ስሙን ያልሰማ ሰው ከሌላው ጭፈራ አይለየውም። ስም ብቻ ዜማን አይቀድስምና ይህ ለነገሩ ምስክር ይሆናል።

የቅኔ ተማሪ ይህን በሰምና ወርቅ ይመስለው ይሆናል። ባለመቃው ሰሙን ይሰጣል፤ ወርቁ በሰሚው ልብ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ምሳሌው ሙሉ አይደለም፥ በቅኔ ሰሙም ወርቁም በአንድ ቃል ውስጥ ናቸውና። ነገር ግን የሚረዳው አለ። በልጅነትዋ መዝሙሩን የተማረች አሮጊት መቃው ገና ሁለት ሦስት ድምፅ ሳያልፍ ቃሉ በልብዋ ይነሣል፤ ለእርስዋ ምስጋና ነው፤ ምናልባት ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። በአጠገብዋ የተቀመጠው የልጅዋ ልጅ ቃሉን ካልተማረ፥ ያው ድምፅ ለእርሱ የክረምት ማሞቂያ ብቻ ነው። ቅኔው ሳይገባው ሰሙን ሰምቶ ቀድሞ የሚስቅ ተማሪ በጉባኤ ቤት አይጠፋም፤ እርሱ ግን ከጎኑ የሚያርመው መምህር አለው።

መሣሪያው በጥፋት አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ በ1968 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተጫዋቾቹ ማኅበር አቋቁመው ትምህርቱን አበረቱት፥ በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሙያውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ይህ መልካም ነው። ሆኖም መቃውን የሚያድን ማኅበር የመዝሙሩን ቃል አያድንም፤ ሥራው አይደለምና ሊወቀስበትም አይገባም። ዜማ ከቃል ይልቅ በቀላሉ በጆሮ ይያዛል፤ ቃል ግን አፍ ካልተመላለሰበት ይረሳል። ስለዚህ በልደት ማታ የሚጫወተው ባለመቃ ያለ ጥፋቱ የዕዳ ተካፋይ ነው፤ የሚጠቀምበት ወርቅ ሌሎች ያከማቹት ነውና።

አፉ ግን ነጻ ነው። ወናፉን ከመታጠቁ አስቀድሞ የመዝሙሩን አንድ ቤት በቃሉ ቢያሰማ፥ ልጁም አብሮ ቢሰማ፥ መቃዎቹን አስተካክሎ እስኪቀመጥ ከሚፈጀው ጊዜ የበለጠ አይወስድበትም።