አንዷ ስለ ሁሉም መማል ትችላለች?

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የድራግ ሬስ ቪዲዮ አያለሁ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሩብ ማይሏን (402 ሜትር ገደማ ናት) ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። አለቀ። «ማን ይበልጣል?» ለሚል ጥያቄ እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ነገር በዚህ ዓለም ብዙ የለም። ሰው ይዋሻል፣ ሰዓት ግን አይዋሽም። የምወደው ለዚህ ነው። ነበር ልበል መሰለኝ።

አንድ ሌሊት ጃጓር ኢ-ታይፕ መጣች። ያቺ አፍንጫዋ ረዝሞ ረዝሞ የማያልቀው፣ ሰው የሳላት ሳይሆን ነፋስ የሞረዳት የምትመስለው የእንግሊዝ መኪና። አጠገቧ የቆመው ልጆች ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት ዓይነት የኤሌክትሪክ መኪና ነበር። መብራቱ በራ። ኢ-ታይፕ ተሸነፈች፤ ያውም በሰፊው። አልገረመኝም፣ መሀላቸው ስድሳ ዓመት አለ። ግን «ይህቺ ናት እንዴ ዓለምን አፍ ያስከፈተችው?» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ንባቡ ወደማላሰብኩት ቦታ ወሰደኝ። ስለ መኪና ጀምሬ ስለ ራሴ ጨረስኩ።

መጀመሪያ የመኪናዋን ልንገራችሁ።

ኢ-ታይፕ ለሕዝብ የታየችው ማርች 1961 (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ ናቸው) ጄኔቫ ላይ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር 3.8 ሊትር ሞተር፣ አራቱም እግሯ ላይ ዲስክ ፍሬን፣ ዋጋዋ ከ2,000 ፓውንድ ትንሽ ከፍ ያለ። በጊዜው አስተን ማርቲን ዲቢ4 የዚህን እጥፍ ገደማ ይጠይቅ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቁጥር ነበራት፦ በሰዓት 150 ማይል።

ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። የእንግሊዞቹ «አውቶካር» መጽሔት ጣሪያ ያላትን ኢ-ታይፕ ፈትኖ 150.4 ማይል (242 ኪሎ ሜትር) አገኘ። ተፎካካሪው «ዘ ሞተር» ደግሞ ክፍቷን ፈትኖ 149.1 አገኘ። በሩብ ማይሉ የአውቶካሯ 14.7 ሰከንድ፣ የሞተሯ 15.0 ሰከንድ። ለ1961 ይህ ጉድ ነው። ያኔ የእንግሊዝ አውራ ጎዳና ላይ የፍጥነት ገደብ እንኳ አልነበረም፤ የመጣው በ1965 መጨረሻ ነው። እና አንድ ወጣት መጽሔቱን ገልጦ «ገንዘብ ባገኝ ነገ 150 እነዳለሁ» ብሎ ቢያልም ማን ይፈርድበታል?

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ጋ ነው። የተፈተኑት ሁለቱ መኪኖች ዛሬ በታርጋቸው ይታወቃሉ፦ 9600 ኤችፒ እና 77 አርደብሊው። ከሱቅ የተገዙ አልነበሩም። ፋብሪካው ለጋዜጠኞች ብሎ በጥንቃቄ ያሰናዳቸው የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ናቸው። ሞተራቸው በእጅ ተፈትሾ፣ ተስተካክሎ፣ ተወልውሎ የተገጠመ ነው። ጎማቸው ደግሞ የእሽቅድምድም ጎማ ነበር። የመኪናዋን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬ ብዙም አይከራከሩም፦ ተራው ገዢ ከሱቅ ያወጣት ኢ-ታይፕ 150 አትደርስም ነበር፤ 140ዎቹ ውስጥ ትቀራለች።

«አሥር ማይል ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ብዙ አላት። በዚያ ፍጥነት ዋናው ጠላት አየር ነው፤ አየርን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። ከ140 ወደ 150 መሄድ ፍጥነቱን በ7 በመቶ ብቻ ይጨምራል፣ ጉልበቱን ግን በ23 በመቶ ገደማ። የመጨረሻዎቹ አሥር ማይሎች ከሁሉም ውድ ናቸው። ለዚያ ነው ሰው አንድ ሞተር ላይ ሌሊቱን የሚያድረው።

ታዲያ ያ ዝና እውነት ነበር ወይስ ውሸት?

ቶሎ የሚመጣው መልስ «እውነት ነው» የሚል ነው። ሰዓቱ ተይዟል። መንገዱ እውነተኛ መንገድ ነው። መኪናዋም እውነተኛ ኢ-ታይፕ ናት፣ ሌላ ሞተር አልተሸጎጠባትም። ማንም ሰው አንድም የውሸት ቁጥር አልጻፈም። ቁጥሩን አንድ በአንድ ብትመረምሩት ውሸት የሚባል ፊደል አታገኙም።

ይህን መልስ በደንብ አውቀዋለሁ። እኔው ራሴ ተጠቅሜበታለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሶፍትዌር ሥራ ላይ ነበርኩ። ለአንዲት ነጋዴ የዕቃ መቆጣጠሪያ መተግበሪያ ልናሳይ ቀጠሮ ያዝን። ለማሳያ የወሰድኩት ስልክ አዲስ ነበር፣ ሌላ ነገር አልተጫነበትም። የገባበት ዕቃ ሃያ ዓይነት ብቻ ነው። ኔትወርኩ የቢሯችን ዋይፋይ። ነካሁት፣ ብልጭ አለ። እትዬ (እንዲህ ነበር የምጠራቸው) ፈገግ አሉ። «ይሄ ነገር እንደ መብረቅ ነው» አሉኝ። እኔም «አዎ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው» አልኳቸው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ደወሉ። መጋዘናቸው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ዕቃቸው በሺህ ይቆጠራል፣ ሠራተኞቻቸው የያዙት ስልክ ደግሞ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው። አንድ ዕቃ ለመፈለግ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያን ቀን ያሳየኸኝን ስልክ ሽጥልኝ።»

የምመልሰው አጣሁ። ያሳየኋቸው ሁሉ እውነት ነበር እኮ! ግን «እንዲህ ነው የሚሠራው» ስል «ይሄ፣ እዚህ፣ አሁን እንዲህ ይሠራል» ማለቴ አልነበረም። «የእርስዎም፣ እዚያም፣ ሁልጊዜም እንዲህ ይሠራል» ነበር የተባለው። እሳቸውም የሰሙት እሱን ነው። እኔም እሱን እንዲሰሙ ፈልጌ ነው የተናገርኩት።

ስለዚህ ስለ ኢ-ታይፕ ስናወራ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን መለየት አለብን። «9600 ኤችፒ 150.4 ማይል ሄደች» አንዱ ነው፤ እውነት ነው። «ኢ-ታይፕ 150 ማይል ትሄዳለች» ሌላ ነው። የመጀመሪያው ስለ አንዲት መኪና ምስክርነት ነው። ሁለተኛው በሺህ ለሚቆጠሩ ገና ላልተሠሩ መኪኖች የተገባ ቃል ነው። ሸፍጥ ካለ የተደበቀው ሰዓቱ ውስጥ አይደለም፤ ከ«አንዷ» ወደ «ሁሉም» በምትዘለዋ ዝላይ ውስጥ ነው። ሰዓት ያቺን ዝላይ አይለካትም።

ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት ለተማሪዎቹ ያነሳው አንድ ምሳሌ አለ። አንድ ሰው ሻንጣውን ያሰናዳል፤ ያዩት ሰዎች ጉዞ ሊሄድ ነው ብለው ያስባሉ፣ እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አልዋሸም፤ ምንም አልተናገረም። ካንት ውሸትን በማጥበቅ ስሙ የገነነ ሰው ሆኖ ይህን ውሸት አላለውም። ልዩነቱ ይገባኛል፣ ግን ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። ሻንጣው ባዶ ቢሆንም ባይሆንም በሩ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ካለ ዕንባው እውነተኛ ነው።

እኛ ደግሞ ሰምና ወርቅ አለን። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም። ታዲያ ቅኔ የሚዘርፈውን ሰው ለምን አታላይ አንለውም? ሰሚው ወርቅ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ቆፍር ተብሏል። ጨዋታው የጋራ ነው፣ ወርቁ ሲወጣ ሁለቱም ይደሰታሉ። የእኔ ማሳያ ግን ሰሙን ብቻ ነበር ለእትዬ ያቀረበው። ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳለ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወርቁ ሲወጣም የተደሰተ የለም።

ከዚህ አንድ ቀላል መመዘኛ አወጣሁ፦ አዘገጃጀቱን ብነግረው ነገሩ ይፈርሳል ወይ? ሙሽራ መኳሏን ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አልተታለለም። ለእንግዳ ቤት ማጽዳትም እንዲሁ። እኔ ግን «እትዬ፣ ይሄ ስልክ አዲስ ነው፣ የገባበትም ሃያ ዕቃ ብቻ ነው» ብላቸው ኖሮ ፈገግታቸው ይቀንስ ነበር። ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው። ማሰናዳት ኃጢአት አይደለም፤ የሚያስፈራው ማሰናዳቱ ካልተደበቀ የማይሠራ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የጃጓር ወዳጆች ጥሩ መከራከሪያ አላቸው። ለጋዜጠኛ የሚሰጥ መኪና እንደሚሰናዳ በዘመኑ «ሁሉም ያውቅ ነበር» ይላሉ። ሌሎችም ያደርጉት ነበር። እውነት ነው። ፋብሪካው የሚናገረው 265 የፈረስ ጉልበትም ቢሆን በዘመኑ ልማድ የተለካ ነው፦ ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ብዙ ሸክሙ ተነስቶለት። አሜሪካኖቹ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አለካኩን ሲለውጡ ያንኑ ሞተር በአንድ ሌሊት ወረቀት ላይ አደከሙት።

ባሰም አለ። የእንግሊዙን ኤሲ መኪና ከአሜሪካ ፎርድ ሞተር ጋር አጋብቶ ኮብራን የፈጠረው ካሮል ሼልቢ በ1962 እጁ ላይ የነበረችው አንዲት የተጠናቀቀች መኪና ብቻ ነበረች። መጽሔቶች ለፈተና በጠየቁት ቁጥር እሷኑ ሌላ ቀለም እየቀባ ይሰጥ ነበር፤ አንባቢው ብዙ ኮብራ ያለ እንዲመስለው። የኢ-ታይፕ ሰዎች አንዷን ስለ ሁሉም አስማሏት፤ ሼልቢ ደግሞ አንዷን ሁሉንም አስመሰላት።

ግን «ሁሉም ያውቃል» ሲባል ሁልጊዜ የምጠይቀው አለ፦ ሁሉም ማነው? ፋብሪካው ያውቃል። ፈታኙ ይጠረጥራል። ነጋዴው ይገምታል። ግድግዳው ላይ ሥዕሏን የለጠፈው ልጅስ? ዓመታት ቆጥቦ የገዛትስ? የማያውቀው ሰው ሁልጊዜ ከፋዩ ነው። «ሁሉም ያውቃል» ማለት አብዛኛውን ጊዜ «እኛ እናውቃለን» ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኢ-ታይፕ ያን ቁጥር አያስፈልጋትም ነበር።

ያቺው 9600 ኤችፒ ለጄኔቫው ትርኢት የደረሰችው ተጭና አይደለም። የፋብሪካው ሰው ቦብ ቤሪ ከኮቨንትሪ ሌሊቱን ነድቷት ነው፤ ጋዜጠኞቹ ፊት ልትገለጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራት ገባች። ከዚያ «እኔም ልሞክራት» የሚለው ሰው በዝቶ አንዷ መኪና አልበቃ ስትል ሙከራ ነጂው ኖርማን ዴዊስ 77 አርደብሊውን ይዞ በሌሊት እንዲመጣ ታዘዘ። እሱም ነድቶ ደረሰ። ሁለት መኪኖች፣ በጨለማ፣ ግማሽ አውሮፓን አቋርጠው። ይህ እውነት ነው፣ ምንም ቀለም አልተቀባም። የ140ዎቹ ማይል ፍጥነት በዚያ ዋጋ ቢነገር ኖሮስ ማን ይስቅ ነበር? ማንም። ያኔም ጉድ ይባል ነበር። 150 የተፈለገው ሞላ ያለ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ አፍ ላይ ስለሚጣፍጥ።

የተጋነነ እውነት የሚበላው ራሱን እውነቱን ነው። ዛሬ ስለ ኢ-ታይፕ ስናነብ ሰው የሚከራከረው ስለ ታርጋና ስለ ጎማ ሆኗል። ያቺ በእውነት ፈጣን፣ በእውነት ውብ የሆነች መኪና ስድሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ቆማለች፣ በእሷ ጥፋት ሳይሆን አሥር ማይል በጨመሩላት ሰዎች ጥፋት። የእኔም መተግበሪያ መጥፎ አልነበረም እኮ። «በአሮጌ ስልክ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ዕቃ አያጠፋብዎትም» ብል እትዬ ይገዙኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። አሁን ግን ያልሰረቅኩትን ሁሉ ይጠረጥሩኛል።

ታዲያ ፍርዴ? የአውቶካር ሰዓት አልዋሸም፤ 9600 ኤችፒም አልዋሸችም። ያላትን አሳየች። ስለ እህቶቿ ያስማሏት ሰዎች ናቸው፤ ለዚያ ደግሞ ሥልጣን አልነበራቸውም።

እትዬ ጋ ከደወሉልኝ በኋላ ሄድኩ። መጋዘኑ ውስጥ፣ በዚያው ስንጥቅጥቅ ባለ ስልክ ላይ፣ ሦስት ቀን ተቀምጬ መተግበሪያውን አቀለልኩት። እንደ መብረቅ አልሆነም። ቡናው ግን ሳይፈላ መልስ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሳሳይ ደንበኛውን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ «ስልክዎን ይስጡኝ፣ በእርስዎ ላይ ልሞክረው።» አንዳንዴ ይዘገያል። አንዳንዴ ፊቴ ላይ ይቆማል፣ አፍራለሁ። ግን ከቢሮው ስወጣ የተስማማሁበት ቁጥር ነገም እዚያው ይጠብቀኛል።

የድራግ ሬስ ቪዲዮ ማየት አልተውኩም። አሁን ግን መብራቱ ከመብራቱ በፊት ሌላ ነገር አያለሁ፦ ጎማውን።